የጥር አየርና የአደባባይ ድምፅ

ለጥምቀት በደብረ ብርሃን አደባባይ የሚቆም ስፒከር ከጥር 10 ማታ እስከ ጥር 11 ቀትር ከቦታው ባይነቃነቅም፣ የሚያቋርጠው አየር ግን ይለዋወጥበታል። ጥርት ባለ ሌሊት ምድር ስትበርድ መሬቱን የነካው አየር ከበላዩ ካለው ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ድምፅ በሞቃት አየር ስለሚፈጥን ሞገዱ ወደ ቀዝቃዛው፣ ማለትም ወደ መሬት ይታጠፋል፤ ቅዳሴው ሩቅ መንደር ድረስ የሚሰማውም ለዚህ ነው። ፀሐይ መሬቱን ስታግለው ነገሩ ይገለበጣል፤ ድምፁ ወደ ሰማይ ይቀናና ከኋላ ለቆመው ሕዝብ ቃሉ ይደበዝዛል። ያኔ የብዙዎች እጅ የሚሄደው ወደ ሚክሰሩ፣ ድምፅ ወደ መጨመር ነው። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ከፍታ ላይ ግን ከመጨመር በፊት መለካት ይቀድማል ብዬ አምናለሁ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። የስፒከሩ ኮን እኩል ቢርገበገብም የሚገፋው አየር ስስ በመሆኑ ከ2 እስከ 3 ዴሲቤል ይጎድልበታል። 3 ዴሲቤል ለመመለስ የአምፕሊፋየሩን ኃይል እጥፍ ማድረግ ይጠይቃል፤ ያው ስስ አየር ደግሞ አምፕሊፋየሩንም የስፒከሩን ኮይልም እንደ ቆላው አያቀዘቅዝም። ርቀቱም አለ። በገላጣ ሜዳ ርቀት በእጥፍ ባደገ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ 10 ሜትር ላይ 100 ዴሲቤል የነበረው 80 ሜትር ላይ 82 ይሆናል። ለኋላው ተብሎ 10 ዴሲቤል ቢጨመር ፊት የቆሙት 110 ይቀበላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለመዝናኛ ቦታዎች ያስቀመጠው አማካይ ጣሪያ 100 ዴሲቤል ነው። ፊት የሚቆሙ ሕፃናትን ጆሮ ላስታውስ።

የሚሻለው ሁለተኛ ስፒከር ሕዝቡ መካከል ማቆም ነው፤ እዚህ ላይ ነው ልኬት ግድ የሚሆነው። ስፒከሩ ከመድረኩ 80 ሜትር ቢርቅ የኤሌክትሪክ ምልክቱ ወዲያው ይደርሰዋል፤ የመድረኩ ድምፅ ግን በ5 ዲግሪ ሙቀት 239 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ዲሌይ (ድምፁን የሚያዘገይ ማስተካከያ) ካልተሰጠው አንዱ ፊደል በሌላው ላይ ይደረባል፤ ስብከቱ ይጮኻል እንጂ አይገባም። በ20 ዲግሪ ያው መንገድ 233 ሚሊሰከንድ ነው፤ ስለዚህ ንጋት ላይ የተስተካከለ ዲሌይ ቀትር ላይ እንደገና ሊታይ ይገባዋል። ሁለት እኩል የጎሉ ድምፆች በ1 ሚሊሰከንድ ልዩነት ሲደርሱ ደግሞ 500 ኸርዝ አካባቢ ይጠፋፋሉ፤ ያንን ጉድጓድ የትኛውም ኢኳላይዘር አይሞላውም። የመለኪያ ማይክሮፎን አድማጩ ዘንድ ቆሞ፣ የተላከውንና የደረሰውን ድምፅ ኮምፒውተር ሲያነጻጽር ጉዳቱ ከጊዜ ይሁን ከቃና ይለያል።

የሠለጠነ ጆሮ ይበቃል የሚሉ አሉ። ቃናን ለመዳኘት ጆሮን የሚያህል የለም፤ ነገር ግን ሚክሰሩ አጠገብ ያለ ጆሮ 80 ሜትር ላይ ያለውን አይሰማም፤ ደግሞም ጉድለትን ቶሎ ይለምዳል። መሣሪያው ውድ ነው ለሚሉም፣ ስልክ ላይ የሚጫን የድምፅ መለኪያ እንደ ማይክሮፎኑ ባይታመንም በፊትና በኋላ መካከል ያለውን ልዩነት ያሳያል። ከሁሉ የሚከብደው የነፋስ ነገር ነው፤ ነፋሱ በየደቂቃው እየተለወጠ ምን ይለካል? አንኮበር ላይ፣ ምድሩ ወደ ቆላው በሚያዘቀዝቅበት ጠርዝ፣ ጥያቄው እውነት አለው። መልሱ ግን ከልኬቱ ራሱ ይገኛል፤ ደጋግሞ ሲለካ የሚዋዥቀው የነፋስ ሥራ ስለሆነ ኢኳላይዘሩ አይነካ፤ ሳይነቃነቅ የሚቆየው ብቻ ይታረም። ለነፋሱ የሚረዳው ስፒከሩን ከፍ አድርጎ ሰቅሎ ወደ ሕዝቡ ማዘንበል፣ ርቀቱንም ማሳጠር ነው። ፊት ለፊት 100 ሜትር ላይ ገደል ካለም ድምፁ ከ0.6 ሰከንድ ገደማ በኋላ ተመልሶ ቀጣዩን ቃል ያበላሻል፤ ይህን የሚፈታው ስፒከሩን ከገደሉ ማዞር ነው።