የረባሾች ስም ዝርዝር

«የእኔ ልጅ መሪ እንድትሆንብኝ አልፈልግም» አሉኝ እማማ፣ ቡናውን እየቀዱ። «ጎበዝ ተማሪ ትሁን፣ ደስ ይለኛል። መሪ ግን አትሁን፣ መምህር።»

ቤታቸው ሐኪም ጋራ ወገብ ላይ ነው፤ ከባጃጅ ወርደው ጥቂት ዳገት በእግር መውጣት ያስፈልጋል። ከግቢያቸው ሲያዩት ጀጎል ከነግንቡ ከሥር ተዘርግቷል። የመስጊዶቹ ሚናራዎችና የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ይታያሉ፤ እርስ በርስ የተደጋገፉት ቤቶችም እንደዚያው። እንግዳ ሰው ፎቶ ለማንሳት የሚወጣው እዚህ ነው። እኔ ግን የወጣሁት ይቅርታ ለመጠየቅ ነበር።

ሥራዬ የጉድኝት ሱፐርቫይዘርነት ነው። በአንድ ጉድኝት ማዕከል ሥር ያሉ ትምህርት ቤቶችን እየዞርኩ መምህራን ሲያስተምሩ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አያለሁ፤ ከዚያ አብረን ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። በወረቀት ላይ ሥራው ማገዝ ነው። አብዛኛው ሰው ግን በእጄ የያዝኩትን ደብተር ሲያይ የድሮውን ኢንስፔክተር ነው የሚያስታውሰው፤ መምህሩ ይደነግጣል፣ ተማሪዎቹ ጭጭ ይላሉ። አሁን አሁን ስልጠና ላይ «ኮቺንግ» የሚል ስም ወጥቶለታል። ስሙ ቢቀየርም ደብተሩ ያው ደብተር ነው።

ስለ ተማሪ መሪነት ስልጠና በተሰጠን ቁጥር ትዝ የሚለኝ የራሴ አለቅነት ነው። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ የክፍል አለቃ ነበርኩ። ሥራዬ ምን ነበር? መምህሩ ሲወጡ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሜ የረባሾችን ስም መጻፍ። አንድ ጊዜ ያወራ ስሙ ይጻፋል፣ ደግሞ ካወራ አጠገቡ መስቀል ይደረግበታል። እርሳስ ያበደረኝ ልጅ ስሙ ይፋቅለታል። መምህሩ ሲመለሱ ዝርዝሩን አቀብላለሁ፣ አለንጋው ይነሳል። በአገራችን ተማሪ መጀመሪያ የሚያውቀው አመራር ይሄ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። አያቶችም፣ ወላጆችም፣ ልጆቻችሁም ያለፋችሁበት ነው። የተማሪ መሪ ማለት ከመምህር ጎን ቆሞ ጓደኞቹን የሚመዘግብ ማለት ነበር። ኋላ የመጣው አንድ ለአምስትም ብዙ አልራቀም፤ አንደኛ የወጣው ይመራል፣ አምስቱ ይገለብጣሉ።

ሚኒ ሚዲያ ግን ሌላ ነገር ነው። በየትምህርት ቤቱ አለ፤ የተሰነጠቀ ድምፅ ማጉያ፣ አንድ ማይክሮፎን፣ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ በኋላና በዕረፍት ሰዓት የሚነበብ ጽሑፍ። ልጆቹ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ድምፅ እያስመሰሉ «ጤና ይስጥልኝ ውድ አድማጮቻችን» ይላሉ። ቀልድ አለ፣ ጥያቄና መልስ አለ፣ «ስለ ጊዜ አጠቃቀም» የሚል ምክር አለ። ከግድግዳ ጋዜጣው ጋር ሲደመር፣ አንድ ልጅ ያሰበውን ነገር ከክፍሉ ውጭ ላለ ሰው የሚያደርስበት ብቸኛው መንገድ ነው። ስልክና ቴሌግራም አለ ትሉኝ ይሆናል። እዚያ ልጁ የጻፈውን ማን እንደሚያነበው አናውቅም። ሚኒ ሚዲያ ላይ አድማጩ ግቢው ውስጥ የቆመ ነው፤ መልስ መስጠትም ይችላል።

ከምዞርባቸው ትምህርት ቤቶች በአንዱ (ስሙን አልጠቅስም) የሚኒ ሚዲያው ሰብሳቢ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ የእማማ የልጅ ልጅ። እናቷ ዓረብ አገር ናት። አንድ ቀን ክበቡን ለማየት ስሄድ የጻፈችውን አሳየችኝ። ስለ ሴቶች ሽንት ቤት ነበር፤ ውኃ ስለሌለው።

ሐረር ስለ ውኃ መጻፍ አዲስ ነገር አይደለም። ከተማው ለዓመታት ውኃውን ያገኝ የነበረው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር፤ ሐይቁ በ1990ዎቹ ደረቀ። ቢጫ ጀሪካን ተሸክሞ ያላደገ የሐረር ልጅ ጥቂት ነው። ውኃው ኋላ ከሩቅ በቧንቧ መጣ፤ በየቧንቧው ሁልጊዜ ይደርሳል ማለት ግን አይደለም። ሽንት ቤቱ የተሠራ ነው፣ በሩ ቀለም የተቀባ ነው፣ ቧንቧው ግን ደረቅ ነው።

ጽሑፉን አነበብኩና ቀዩን እስክሪብቶ አወጣሁ። አስተካከልኩላት። የሆሄ ግድፈት ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ እኔ ዓረፍተ ነገሩን ሁሉ «አሳደግኩት»። በማግስቱ ተነበበ። ማንም ቀና ብሎ አላየም፤ ልጆቹ ኳሳቸውን ይጫወቱ ነበር። በሳምንቱ ልጅቷ ከሚኒ ሚዲያ ወጣች። ለምን ብዬ ስጠይቃት «አያቴ አይሆንም አሉ» አለችኝ። ውሸት አልነበረም፤ ግን ሁሉም አልነበረም።

እማማን ያገኘኋቸው በዚህ ምክንያት ነው። ለምን እንደሚፈሩ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ታላቅ ወንድማቸው ተማሪ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲወጡ እሱም ዘመተ። ተመልሶ መጣ። በ1970 ዓ.ም. አንድ ሌሊት ከቤት ተወሰደ፣ አልተመለሰም። «ወረቀት በትኗል አሉ» አሉኝ። እናታቸው የቀረውን ደብተር ሁሉ ምጣድ ሥር ማገዶ አደረጉት። «ያን ሰሞን እንጀራው ወረቀት ወረቀት ይሸተኝ ነበር።»

ይህን ለሰማ ሰው ስለ ተማሪ መሪነት ጥቅም ማስረዳት ያስቸግራል። የእርሳቸው ዘመን የሚያውቀው የተማሪ መሪ በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ የወጣውን፣ በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. በጥይት የተገደለውን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛውን ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ደግሞ እያንዳንዱ ቤት ያውቀዋል። እኛ በስልጠና አዳራሽ «የተማሪዎችን የመሪነት ክህሎት ማጎልበት» ስንል፣ አያቶች የሚሰሙት የሌሊት በር መንኳኳት ሊሆን ይችላል። ልክ አይደሉም ለማለት አልደፈርኩም።

«ምን ጽፋ ነው እስቲ?» አሉኝ በመጨረሻ። ሁለቱም ወረቀት በደብተሬ ውስጥ ነበር። መጀመሪያ የእኔን አነበብኩላቸው፦ «በትምህርት ቤታችን የሚስተዋለው የውኃ አቅርቦት እጥረት በመማር ማስተማሩ ሂደት ላይ አሉታዊ ተጽዕኖ እያሳደረ ስለሚገኝ የሚመለከታቸው አካላት ትኩረት ቢሰጡት…»

አቋረጡኝ። «ይሄ የእሷ አይደለም» አሉ። «እሷ እንዲህ አታወራም።»

የእሷን አወጣሁ፦ «የወር አበባ የመጣባት ልጅ ሁለተኛው ደወል ሳይደወል ቦርሳዋን ይዛ ትወጣለች። ዘበኛው የት ትሄጃለሽ ይላታል። ራሴን አሞኛል ትላለች። ራሷን አላመማትም። በማግስቱም አትመጣም። ባለፈው ወር እኔ ሦስት ቀን ቀርቻለሁ፣ የሒሳብ ፈተናው በአንዱ ቀን ነበር።»

እማማ ሲኒውን አስቀመጡ። ረጅም ዝምታ ሆነ። «እኛም ራሴን አሞኛል ነበር የምንለው» አሉ። ቀጥሎ፣ እስካሁን «እርስዎ» ሲሉኝ የቆዩት ሴትዮ፣ «አንተ ነህ ያበላሸኸው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

የዚያን ዕለት ማታ ያሰብኩት ስለ አንድ የፖላንድ ሐኪም ነው። ያኑሽ ኮርቻክ ይባላል፤ ዋርሶ ውስጥ የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ይመራ ነበር። ማሳደጊያው ልጆቹ ራሳቸው የሚፈርዱበት ችሎትና የራሳቸው ምክር ቤት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1926 ደግሞ በአንድ ትልቅ ዕለታዊ ጋዜጣ ውስጥ አርብ አርብ የሚወጣ፣ ልጆች የሚጽፉበት አባሪ ጋዜጣ ጀመረ። ልጆቹ ስለ ፖለቲካ አልነበረም የሚጽፉት፤ ስለ ቤታቸው፣ ስለ ትምህርት ቤታቸው፣ ስላስከፋቸው ነገር ነበር። ጋዜጣው እስከ 1939 ጦርነት ዘለቀ። ኮርቻክ በ1942 ከልጆቹ ጋር አብሮ ወደ ትሬብሊንካ ተወስዶ ሞተ። ይህን ሰው በስልጠና ላይ ብዙ ጊዜ ጠቅሼዋለሁ። ቀይ እስክሪብቶዬን ግን አላስጣለኝም ነበር።

ልጅቷን ይቅርታ ጠየቅኳት። ጽሑፉን እንዳለ፣ ሆሄውን ብቻ አርመን፣ ልታነበው ተስማማን። እማማ አንድ ነገር አስገቡ፤ የማንም ስም አይጠራበት። የማንም ስም አልነበረበትም። ርዕሰ መምህሩ ግን በማይክሮፎን እንዳይነበብ አሉ፤ የትምህርት ቤቱ ስም ይጠፋል ብለው። ሱፐርቫይዘር ማዘዝ አይችልም፤ ቢችልም ያን ዕለት ባዝዝ ኖሮ ነገሩ የእኔ ይሆን ነበር እንጂ የእሷ አይሆንም። እሷ ናት «ታዲያ ለወላጆች ላንብበው?» ያለችው።

በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ቆማ አነበበችው። አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። የ2014 ትምህርት ዘመንን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አስታወሱና፣ «ልጆቻችን እየወደቁ እኛ ስለ ክበብ እናወራለን?» አሉ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ወላጅ ቤቱ ውስጥ የሚጠይቀው ነው። መልስ ለመስጠት ስነሳ ከኋላ አንዲት እናት ቀደሙኝ። «የሒሳብ ፈተናው ያመለጣት እኮ በዚህ ነው» አሉ። አባትየው ተቀመጡ። ኋላ ለበርሜሉ መጀመሪያ ገንዘብ ያዋጡት እርሳቸው ናቸው።

በርሜል ተገዛ፣ ቧንቧ ተገጠመለት። የሚሞላው በተራ ነው፤ ወንዶቹም ተራ አላቸው። ይህን ያስገባችው እሷው ናት፤ መጀመሪያ ሳቁባት፣ ከዚያ ለመዱት። ሁሉ ነገር ተስተካከለ ልላችሁ አልችልም። ተራው የደረሰ ክፍል የሚረሳበት ቀን አለ፣ ከተማው ውስጥም ውኃ የሚጠፋበት ሳምንት አለ።

ወላጆች ብዙ ጊዜ «ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?» ይሉኛል። እኔ ከእማማ የተማርኩትን ነው የምነግራቸው። እርሳቸው መጻፍ አይችሉም፤ ማታ ማታ ግን «የጻፍሽውን አንብቢልኝ» ይሏታል። አያርሙም፤ ማረም አይችሉምና። «ከዚያስ?» ብቻ ነው የሚሉት። እሷም ያልጻፈችውን ትናገራለች፣ በማግስቱ ትጽፈዋለች። «ስንተኛ ወጣሽ?» የሚለውን ጥያቄ አልተዉትም፤ እርሱም ይጠየቃል።

ልጅቷ አሁን ዘጠነኛ ክፍል ገብታ ትምህርት ቤት ቀይራለች። ከመሄዷ በፊት አንድ ነገር ትታ ሄዳለች። ከሽንት ቤቱ አጠገብ ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት አለ፤ በየቀኑ አንድ ተማሪ ቀኑን ጽፎ አጠገቡ «አለ» ወይም «የለም» ብሎ ይሞላዋል። ምንም የማንም ስም የለበትም። ወረቀቱ ሲያልቅ ሌላ ይለጠፋል።

ባለፈው ማክሰኞ ሄጄ አየሁት። «የለም» ይላል። ከሥሩ በሌላ እጅ፣ በእርሳስ ተጨምሮበታል፦ «ከምሳ በኋላ መጣ። 7ኛ ለ ሞላን።»