ቅርጫቱ ሲወጣ ዕዳውም አብሮ እንዳይወጣ
የሕንፃ ውጪ ጽዳት ሥራ ለመጀመር ባለቅርጫት ክሬን መኪና ለመግዛት ለሚያስቡ

«ጋሼ፣ 18 ሜትር ትወጣለች! ከተማው ሁሉ መስታወት ሆኗል፡፡ ዛሬ ገዝተው ነገ ቢያቆሟት ሥራው ራሱ ፈልጎ ይመጣል፡፡»

ደላላው ይህን ሲል ገዢው አንጋጦ ቅርጫቱን ያያል፡፡ ቀለሟ አዲስ ነው፣ ጎማዋም ደህና ነው፡፡ ገዢው በልቡ ቤቱን ለባንክ አስይዞ የሚያገኘውን ብድር ያሰላል፡፡ ይሁን እንጂ ሊጠይቃቸው የሚገቡትን ሦስት ጥያቄዎች ገና አልጠየቀም፡፡ 18 ሜትሩ ከየት እስከ የት ነው? መኪናዋ በዓመት ስንት ቀን ትሠራለች? ቅርጫቱ ውስጥ የሚቆመው ሰው አንድ ነገር ቢሆን ተጠያቂው ማን ነው? በዛሬው የገበያ ገጻችን እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እናያለን፡፡

ገበያው በእርግጥ አለ

ሥራው አለ መባሉ ሐሰት አይደለም፡፡ የአዲስ አበባ ሕንፃዎች ፊታቸውን በመስታወትና በአሉኮቦንድ ማልበስ ከጀመሩ ቆይተዋል፡፡ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማትም የመንገድ ዳር ሕንፃዎች ፊት እንዲታደስ አድርጓል፡፡ የታደሰ ፊት ደግሞ በበጋ አቧራ፣ በክረምት የዝናብ ጭረት ይይዛል፡፡ ባንክ፣ ሆቴልና የቢሮ ኪራይ የሚሸጥ ባለሕንፃ ይህንን ችላ ሊል አይችልም፡፡

ይህ ሥራ እስካሁን በአብዛኛው የሚሠራው በገመድ ተንጠልጥሎ፣ በብረት ወይም በባሕር ዛፍ መወጣጫ፣ አለዚያም በረጅም መሰላል ነው፡፡ መወጣጫ ለመሥራትና ለማፍረስ ቀናት ይፈጃል፣ የሱቅ በርም ይዘጋል፡፡ ባለቅርጫት መኪና ግን ጠዋት ቆማ ሥራዋን ጨርሳ ማታ ትሄዳለች፡፡ ጥቅሟ ይኸው ፍጥነቷ ነው፡፡

ሆኖም ለሁሉም ሕንፃ አትሆንም፡፡ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ቁመቱ 209 ሜትር ገደማ ነው፡፡ እንዲህ ያለው ሕንፃ የሚጸዳው ከጣሪያው በሚወርድ ተንጠልጣይ መድረክ ወይም በሠለጠኑ የገመድ ሠራተኞች ነው፡፡ የባለቅርጫት መኪና ገበያ ከታች ያሉት መካከለኛ ሕንፃዎች፣ የነዳጅ ማደያ ጣሪያዎች፣ የማስታወቂያ ሰሌዳዎች፣ መጋዘኖችና ትምህርት ቤቶች ናቸው፡፡ ስለዚህ ነጋዴው መኪና ከመፈለጉ በፊት ደንበኞቹ የሚሆኑት ሕንፃዎች ስንት ፎቅ እንደሆኑ በእግሩ ዞሮ ይቁጠር፡፡

18 ሜትር ስንት ፎቅ ነው?

ሻጮች የሚጠሩት ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ «የሥራ ከፍታ» የሚባለው ነው፡፡ ይህም ቅርጫቱ የሚደርስበት ሳይሆን ቅርጫቱ ውስጥ የቆመ ሰው እጁን ዘርግቶ የሚደርስበት ሲሆን፣ በልማድ 2 ሜትር ያህል ይጨመርበታል፡፡ ስለዚህ «18 ሜትር» የተባለችው መኪና የቅርጫቷ ወለል የሚቆመው 16 ሜትር ላይ ሊሆን ይችላል፡፡

ከዚህም ሌላ ያ ቁጥር የሚገኘው ክንዱ ቀጥ ብሎ ሲቆም ብቻ ነው፡፡ መኪናዋ ግን ሕንፃው ግድግዳ ላይ ተለጥፋ አትቆምም፤ የእግረኛ መንገድ፣ የአበባ መደብ፣ ደረጃና በረንዳ መሐል ይገባሉ፡፡ ለምሳሌ የክንዱ ሥር ከመሬት 2 ሜትር ላይ ቢሆንና ክንዱ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ 16 ሜትር ቢሆን፣ ቀጥ ሲል 18 ሜትር ይደርሳል፡፡ ወደ ጎን 6 ሜትር ሲያዘነብል 16.8 ሜትር አካባቢ ይሆናል፡፡ 9 ሜትር ሲያዘነብል ደግሞ ወደ 15.2 ሜትር ይወርዳል፡፡ ይህ የስሌት ጉዳይ ብቻ ነው፡፡ መኪናዋ እንዳትገለበጥ አምራቹ የሚያስቀምጠው ገደብ ደግሞ ከዚህም ሊያሳንሰው ይችላል፡፡

ምድር ቤቱ 4 ሜትር፣ እያንዳንዱ ፎቅ 3.2 ሜትር የሆነ ጂ ፕላስ 4 ሕንፃ ብንወስድ፣ ከነጣሪያ ግንቡ ወደ 18 ሜትር ይጠጋል፡፡ እንግዲህ ደላላው «ለጂ ፕላስ 4 በደንብ ትበቃለች» ያላት መኪና የላይኛውን ፎቅ መስታወት ሳትደርስበት ልትቀር ነው ማለት ነው፡፡ ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው አንድ ወረቀት አለ፤ አምራቹ ክንዱ በየትኛው ርቀት የትኛው ከፍታ ላይ ስንት ኪሎ እንደሚሸከም የሚያሳይበት ሥዕል ነው፡፡ ይህ ሥዕል የሌላት መኪና ዋጋዋ ሊቀነስ ይገባል፤ ሥዕሉ እስኪገኝ ባትገዛም ይመረጣል፡፡

የክንዱ ዓይነትም ይለያያል፡፡ ቀጥ ብሎ የሚረዝመው ክንድ ለሰፊ ግቢና ለቀጥተኛ ግድግዳ ጥሩ ነው፡፡ እንደ ሰው ክርን የሚታጠፈው ደግሞ ከበረንዳ፣ ከታንኳና ከዛፍ በላይ አልፎ መግባት ይችላል፡፡ ለከተማችን የመንገድ ዳር ሕንፃ ብዙ ጊዜ የሚታጠፈው ይስማማል፡፡

ቅርጫቱ የሚሸከመው

ብዙ ቅርጫቶች የተሠሩት ለሁለት ሰውና ለመሣሪያቸው ሲሆን፣ ገደባቸው 200 ኪሎ ገደማ ነው፡፡ ሁለት ሠራተኞች 140 ኪሎ፣ አንድ ባልዲ ውሃ 20 ኪሎ፣ መጥረጊያና ሌላ ዕቃ 15 ኪሎ ቢሆን 175 ኪሎ ሞላ፡፡ የቀረው ትንሽ ነው፡፡ ስለዚህ የግፊት ውሃ ማሽኑ መሬት ላይ ተቀምጦ ቱቦው ብቻ ይውጣ፡፡

ማድያት ወይም የሲሚንቶ ጠብታ ለማስለቀቅ አሲድ የሚጠቀሙ አሉ፡፡ አሲዱ መስታወቱን ከማበላሸቱ ሌላ በሃይድሮሊክ ሲሊንደሩ ዘንግ ላይ ሲንጠባጠብ የክሮም ልባጡን ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ሲሉ ይቀደዳል፣ ዘይት ይፈስሳል፡፡ ይህ ጥገና የአንድ ሕንፃ ትርፍ ሊበላ ይችላል፡፡

ያገለገለች ስትገዛ

በገበያው ላይ የምትገኘው ብዙውን ጊዜ ያገለገለች ናት፡፡ የጃፓኖቹ አይቺና ታዳኖ፣ የአሜሪካኖቹ አልቴክና ቨርሳሊፍት በዓለም የታወቁ የክንድ አምራቾች ናቸው፡፡ ከሥር ያለው መኪና አይሱዙ ከሆነ መለዋወጫውም መካኒኩም አይጠፋም፡፡ የክንዱ መለዋወጫ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከመግዛት በፊት የሲልና የቱቦ አቅራቢ ይታወቅ፡፡

የተጓዘችውን ኪሎ ሜትር ብቻ አይቶ መወሰን ስሕተት ነው፡፡ እነዚህ መኪኖች ቆመው ሞተር እያሠሩ ነው ክንዱን የሚያንቀሳቅሱት፡፡ 60 ሺህ ኪሎ ሜትር የምታሳይ መኪና ሞተሯ እጅግ ብዙ ሰዓት ሠርቶ ሊሆን ይችላል፡፡ የሰዓት ቆጣሪው ይታይ፡፡

ገዢው የሚያምነውን መካኒክ ይዞ የሚከተሉትን ያድርግ፡-

– ክንዱ ላይ የተለጠፈው የአምራቹ ሳህን ቁጥርና ዓመተ ምሕረት ይነበብ፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይመሳከር፡፡

– አዲስ ቀለም ካለ የብየዳ ቦታዎቹ ይፋቁና ይታዩ፡፡ አዲስ ቀለም ስንጥቅን ይሸፍናል፡፡

– ቅርጫቱ ተፈቅዶለት በሚችለው ክብደት በአሸዋ ከረጢት ተጭኖ ይውጣና ሞተሩ ይጥፋ፡፡ ከ10 ደቂቃ በኋላ ቅርጫቱ ዝቅ ካለ መያዣ ቫልቩ ወይም ሲሉ ደክሟል፡፡

– አራቱ እግሮች ሳይወርዱ ክንዱ እምቢ ማለት አለበት፡፡ ከተነሣ መከላከያው ተቆርጧል ማለት ነው፤ ግዢው ይቅር፡፡

– ሞተር ጠፍቶ ሰው ላይ ሲቀር የሚያወርደው የአደጋ ጊዜ ፓምፕ በተግባር ይሞከር፡፡

– ክንዱ የሚዞርበት ትልቁ ጥርስና ብሎኖቹ ይታዩ፤ ቅርጫቱ በእጅ ሲወዘወዝ ከመጠን በላይ የሚንቋቋ ከሆነ ጥንቃቄ ይደረግ፡፡

ከመብራት ድርጅት ሥራ የወጡ መኪኖች ክንዳቸው ጫፍ በፋይበር የተሠራ ሲሆን «መብራት አይዛትም» ተብለው ይሸጣሉ፡፡ ይህ የሚታመነው በየጊዜው በመሣሪያ ሲፈተሽ ብቻ ነው፡፡ ያልተፈተሸና በሳሙና ውሃ የራሰ ክንድ ማንንም አያድንም፡፡

ከውጭ ለሚያስመጡ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ሲወሰን፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል፡፡ ዋጋ የተስማሙበት ቀንና ገንዘቡ የሚከፈልበት ቀን ከተራራቁ ትርፉ መሐል ላይ ሊቀር እንደሚችል ከዚህ መማር ይቻላል፡፡ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ደግሞ ያገለገለ ተሽከርካሪ ዕድሜው በገፋ ቁጥር ቀረጡ እንዲከብድ ያደረገ ነው፡፡ «ውጭ አገር ርካሽ ናት» የተባለች አሮጌ መኪና እዚህ ስትደርስ ርካሽ ላትሆን ትችላለች፡፡

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መንግሥት መከልከሉም ይታወሳል፡፡ ክልከላው የተነሣው ስለ አውቶሞቢል ቢሆንም፣ አስመጪው ኤል ሲ ከመክፈቱ በፊት ስለ ልዩ ሥራ ተሽከርካሪው ከሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች በጽሑፍ መልስ ይያዝ፡፡ አገራችን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ የምትነዳ ናት፤ የጃፓን መኪና ደግሞ መሪው በቀኝ በኩል ነው፡፡ መሪው ተዛውሮ የመጣ ከሆነ ማን እንዳዛወረውና እንዴት እንደተሠራ ይጠየቅ፡፡

መግዛት ወይስ መከራየት?

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ፡፡ ቁጥሮቹ ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው፤ አንባቢው የራሱን ይተካ፡፡

መኪናዋ ተጠናቃ 6 ሚሊዮን ብር ብትፈጅ፣ ገዢው 2.4 ሚሊዮን ከራሱ አውጥቶ 3.6 ሚሊዮን በ17 በመቶ ቢበደር፣ የመጀመሪያው ዓመት ወለድ 612 ሺህ ብር ነው፡፡ ከስምንት ዓመት በኋላ 2 ሚሊዮን ብትሸጥ የዓመቱ እርጅና 500 ሺህ ይሆናል፡፡ መድንና ዓመታዊ ምርመራ 150 ሺህ፣ ጥገናና ጎማ 250 ሺህ፣ የሾፌርና የኦፕሬተር ደመወዝ 240 ሺህ እንበል፡፡ የራሱ 2.4 ሚሊዮን ባንክ ቢቀመጥ በ7 በመቶ ያስገኝ የነበረው 168 ሺህም ወጪ ነው፡፡ ድምሩ በዓመት 1 ሚሊዮን 920 ሺህ ብር ነው፡፡

መኪናዋ ብትሠራም ባትሠራም ይህ ወጪ አይቀርም፡፡ በዓመት 160 ቀን ብትሠራ ለቀኑ 12 ሺህ ብር ይደርሳል፡፡ 80 ቀን ብትሠራ 24 ሺህ፣ 40 ቀን ብቻ ብትሠራ ደግሞ 48 ሺህ ይሆናል፡፡ ተመሳሳይ መኪና ነዳጁን ተከራዩ ችሎ በቀን 20 ሺህ ብር ብትከራይ ግዢና ኪራይ የሚተካከሉት 96ኛው ቀን ላይ ነው፡፡ አንድ ሕንፃ 3 ቀን ቢፈጅና በዓመት ሁለት ጊዜ ቢጸዳ፣ 96 ቀን ማለት 16 ሕንፃ በውል መያዝ ማለት ነው፡፡

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው፡፡ 16 ውል በእጁ የሌለው ሰው መከራየት ይሻለዋል፤ በኪራይ እየሠራ ደንበኛ ያፍራ፡፡ ውሉን የያዘ ደግሞ ውሉን ይዞ ባንክ ይሂድ፡፡ ቤት ከማስያዝ በፊት የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ኩባንያዎችን ማነጋገርም ጥሩ ነው፡፡ የካፒታል ዕቃ ኪራይ በአዋጅ ቁጥር 103/1990 የተፈቀደ ሲሆን፣ በዚህ አሠራር ዕቃው ራሱ ዋስትና ስለሚሆን ቤቱ ከጨዋታው ውጪ ሊቀር ይችላል፡፡ የጽዳት አገልግሎት ከሚያበድሩባቸው ዘርፎች ውስጥ መኖሩን ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፡፡

የሚከራዩ ቀናትም ይታሰቡ፡፡ ክረምቱ ሥራ ያስተጓጉላል፡፡ በነፋስም አይሠራም፤ ብዙ ቅርጫቶች ከ45 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ በሆነ ነፋስ እንዲወጡ አይፈቀድም፡፡ መኪናዋ ለጽዳት በማትፈለግበት ጊዜ ለማስታወቂያ ሰሌዳ ሰቃዮች፣ ለቀለም ቀቢዎችና ለካሜራ ገጣሚዎች ብትከራይ ባዶ ቀኖቿ ይሞላሉ፡፡

ቅርጫቱ ውስጥ ያለው ሰው

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው፡፡ ስለዚህ «ራሱ ቀበቶውን አላሰረም» የሚለው መልስ ብዙ አያስኬድም፡፡ ቀበቶው ከቅርጫቱ ማሰሪያ ጋር መታሰር አለበት፡፡ ከመብራት ሽቦ ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ ይገባል፤ በመንገዶቻችን ዳር የተዘረጋው የ15 ሺህ ቮልት መስመር ሳይነኩትም ሊገድል ይችላል፡፡ እግሮቹ የእግረኛ መንገድ ንጣፍ ወይም የቱቦ ክዳን ላይ ሲያርፉ ከመኪናዋ ክብደት ብዙው አንድ እግር ላይ ሊወድቅ ስለሚችል ወፍራም ጣውላ ከሥር ይነጠፍ፡፡ መንገድ ይዞ ለመቆምም ፈቃድ ይጠየቅ፡፡

የሦስተኛ ወገን መድን የወጣው ለመንገድ አደጋ ነው፡፡ ቆማ ክንዷ ስትዞር የባንክ መስታወት ብትሰብር ወይም ከላይ ዕቃ በእግረኛ ላይ ቢወድቅ ማን እንደሚከፍል መድን ድርጅቱ በጽሑፍ ይመልስ፡፡ ትልልቅ ደንበኞች ይህን ወረቀት ይጠይቃሉ፤ ያለው ነጋዴ ጨረታ ላይ ብልጫ ያገኛል፡፡

አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ፡፡ በዚህ ንግድም መጀመሪያ ሕንፃ ይቆጠር፣ ቀጥሎ ውል ይፈረም፣ ከዚያ በኪራይ ይሞከር፤ መኪና የሚገዛው በመጨረሻ ነው፡፡ ደላላው «ሌላ ገዢ መጥቷል፣ ዛሬ ካልወሰኑ ታመልጥዎታለች» ቢል ትሂድ፡፡ የጠፋች መኪና ሌላ ትተካለች፤ የተያዘ ቤት ግን በቀላሉ አይመለስም፡፡