ክትባት ያልደረሳቸው የመቀሌ ልጆች

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ይፋ ሲሆን ትግራይ በልጆች ክትባት ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ቀጥላ ተቀምጣ ነበር። ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር ከሆኑት የክልሉ ልጆች 67 በመቶው መሠረታዊ ክትባቶችን አሟልተው ነበር። የአገሪቱ አማካይ 39 በመቶ ሲሆን፣ አዲስ አበባ 89፣ አፋር ደግሞ 15 በመቶ ላይ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ግን የትግራይ ጤና ቢሮ መደበኛ ክትባት የሚያገኙት የክልሉ ልጆች ከ10 በመቶ በታች መውረዳቸውን ተናገረ። ብዙ ዓመት የፈጀ ሥራ በሁለት ዓመት እንዴት ሊፈርስ እንደቻለ ለመረዳት፣ መጀመሪያ እንዴት እንደተገነባ ማየት ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ የፈንጣጣ ዘመቻ ደጋ ቆላ ሳይል አገሩን አዳርሶ፣ የመጨረሻው የኢትዮጵያ ታማሚ በ1968 ዓ.ም. ክረምት ባሌ ውስጥ ተመዝግቦ ነበርና ተስፋው ትልቅ ነበር። አዲሱ ፕሮግራም ስድስት በሽታዎችን ያዘ፦ ሳንባ ነቀርሳን፣ ፖሊዮን፣ ዘጊ አናዳን፣ ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍንና ኩፍኝን። ችግሩ ፈንጣጣ አንዴ ተወግተው የሚገላገሉት መሆኑ ላይ ነበር። ይኼኛው ልጁ እንደተወለደ፣ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ ከዚያም በ9ኛው ወር እናቲቱን ደጋግሞ ማግኘት ይጠይቃል። በ1999 ዓ.ም. አምስት በሽታ በአንድ መርፌ የሚከላከለው ክትባት መጣ፤ በ2004 የሳንባ ምች፣ በ2006 የሮታ ተቅማጥ፣ በ2011 ደግሞ በ15ኛው ወር የሚሰጠው ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ተከተሉ። ክትባቱ በዛ፤ የ15ኛው ወሩም አንድ ተጨማሪ ምልልስ አመጣ። ጤና ጣቢያው ቁጭ ብሎ እናቶችን የሚጠብቅ ከሆነ፣ ክትባቱ የሚደርሰው በቅርብ ለሚኖሩትና ጊዜ ላላቸው ብቻ ነው።

ትግራይ ውስጥ ይህን የለወጡት ሴቶች ናቸው። በ1992 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ አንድ ጥናት፣ የመንደር ሴቶች ለእናቶች የወባን ሕክምና ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሰጡ በማስተማራቸው ብቻ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሞት በ40 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ጥናቱ የተካሄደው ትግራይ ውስጥ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የተመሠረተውም የሠለጠነች የመንደር ሴት ሕይወት ታድናለች በሚለው በዚሁ እምነት ላይ ይመስለኛል። ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ፣ ደመወዝ ያላቸው፣ ጤና ኬላቸው ሰፈሩ መሃል የሆነ። ማን እንዳረገዘች፣ ማን እንደወለደች፣ የማን ልጅ ሁለተኛውን ክትባት ወስዶ ሦስተኛው እንደቀረው በመዝገባቸው ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ። ቀዝቃዛ ሳጥናቸውን በትከሻ አንግተው ጤና ኬላ ወደሌለበት መንደር የሚሄዱትም እነሱ ናቸው። ለከተማ ደግሞ በ2001 ዓ.ም. ነርሶችን ያሰማራ ተመሳሳይ ፕሮግራም ተጀመረ።

ከተማ ሲባል አንድ ነገር አለ። በ2008ቱ ጥናት የከተማ ልጆች 65 በመቶ፣ የገጠሮቹ 35 በመቶ ክትባታቸውን አሟልተው ነበር። ይህ ልዩነት በከተማ የሚኖር ሁሉ የደረሰለት ያስመስላል። ግን የከተማው አማካይ በመቀሌ ሐወልቲ የሚኖረውን ደመወዝተኛና በከተማው ዳር ጎጆ ተከራይታ የምትኖረውን የቀን ሠራተኛ አንድ ላይ ይቆጥራል። የልዩነቱን ሥር ለማየት ከመቶኛው ወረድ ብሎ የኩፍኝ ክትባቱን ብልቃጥ ማየት ይበጃል።

ብልቃጡ 10 ልጅ ይከትባል። ክትባቱ ዱቄት ስለሆነ ነርሷ ከማሟሚያው ጋር ትበጠብጠዋለች፤ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ መቆየት አይችልም፣ የተረፈው ይደፋል። የሳንባ ነቀርሳው ብልቃጥ ደግሞ የ20 ልጅ ነው። ስለዚህ ብልቃጥ የሚከፈትበት ቀን ተለይቶ ይቀጠራል፤ ከዚያ ቀን ውጭ ልጇን አዝላ የመጣች እናት «ረቡዕ ተመለሺ» ትባላለች። ለአንዷ ይህ ቀጠሮ ብቻ ነው። የሰው ልብስ እያጠበች ለምታድረው ወይም በረንዳ ላይ ቡና ለምታፈላው ግን የአንድ ቀን ገቢ ነው፤ ሁለተኛ ላትመለስ ትችላለች። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ልጅም ቢሆን ብልቃጡ ይከፈት ይላል። ነርሷ ይህን አታጣውም። የምትጠየቀው ግን ስለ ተደፋው ክትባት ነው እንጂ ስለ ተመለሰችው እናት አይደለም። የተመለሰች እናት በማንኛውም ሪፖርት ላይ አትታይም። እኔ በክትባት ላይ ከሚነሱት ጥያቄዎች ሁሉ ቀድሞ መስተካከል ያለበት ይህ ይመስለኛል፦ ባለ 5 ብልቃጥ አለ፣ የብክነት ቁጥጥሩንም ማላላት ይቻላል፤ ከክትባቱ ዋጋ ይልቅ የአንድ ሕፃን ኩፍኝ ይከብዳል።

ኩፍኝ ደግሞ አማካይ አያውቅም። አንድ ታማሚ ክትባት በሌለበት ሰፈር ከ12 እስከ 18 ሰው ያስይዛል፤ እሱን ለመግታት ከ100 ልጅ 95ቱ መከተብ አለባቸው። ከተማው በጠቅላላው ጥሩ ቁጥር ቢኖረውም፣ ያልተከተቡት ልጆች በአንድ መጠለያ ከተሰበሰቡ በሽታው እዚያ መንደዱ አይቀርም። ልጆቹ በምግብ እጥረት የተጎዱ ከሆኑ ደግሞ ሞቱ ይበዛል።

መቀሌ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ከጀመረ በኋላ ከምዕራብ ትግራይና ከሌሎች አካባቢዎች የተፈናቀሉ ሰዎች ወደ ከተማው ጎረፉ። ማይ ወይኒን የመሳሰሉ ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ፤ ከከተማው ዳር ሰባ ካሬ የተባለው ሰፊ መጠለያ ተቋቋመ። እናቶቹ የክትባት ካርድ ይዘው አልወጡም፤ ልጅና ሕይወት ይዘው ነው የወጡት። የመዘገበቻቸው የኤክስቴንሽን ሠራተኛም ራሷ ተፈናቃይ ነበረች፣ መዝገቧም የለም።

ከገጠሩ የቀረው ጥቂት ነበር። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከታኅሣሥ እስከ የካቲት 2013 ዓ.ም. ባሉት ወራት ካያቸው 106 የጤና ተቋማት 70 በመቶ ያህሉ ተዘርፈው፣ በተለመደው አኳኋን የሚሠሩት 13 በመቶ ብቻ ሆነው አገኛቸው። በ2014 ዓ.ም. የወጣ ሌላ ጥናት ከክልሉ 712 ጤና ኬላዎች አንድም የሚሠራ እንደሌለ ጽፏል። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ ፍሪጁ ከተዘረፈ፣ መብራት ከጠፋ፣ ለጄኔሬተር ነዳጅ ከሌለ ብልቃጡ ቢኖርም ዋጋ የለውም። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. በኋላ ክልሉ ተከብቦ መንገድ፣ ባንክ፣ ስልክና መብራት ሲቋረጡ የመቀሌው ዓይደር ሆስፒታል እንኳ መድኃኒት አጥቶ ታማሚ ይመልስ ነበር። ኩፍኝ ተነሣ፤ ክትባት ያላገኙ እናቶች ቤት ውስጥ ሲወልዱም ጨቅላዎችን የሚገድለው መንጋጋ ቆልፍ ተመልሶ መጣ። የጤና ሠራተኞቹ በበኩላቸው ያለ ደመወዝ ሠርተዋል። የክልሉ የመንግሥት ሠራተኞች ውዝፍ 17 ወር ደርሶ ነበር። ቤት ለቤት የምትዞረውን ሴት ያለ ደመወዝ አቆይቶ ከቀድሞው ቁጥር መድረስ የሚቻል አይመስለኝም።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጦርነቱን ያቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ክትባትና ፍሪጅ መግባት ጀመሩ። ዕቃው ከሰው ይልቅ ቶሎ ይተካል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2023 አንድም መደበኛ ክትባት ያላገኙ ልጆች በብዛት ከሚገኙባቸው የዓለም አገሮች አንዷ ነበረች፤ ቁጥራቸው ከ9 መቶ ሺህ በላይ ይገመታል። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የክትባት ጥምረቱ ጋቪ በዚያው ዓመት በጀመሩት የማካካሻ ዘመቻ ያመለጣቸው ልጆች እስከ 5 ዓመት ድረስ እንዲከተቡ ተፈቅዶ ነበር። ከበባው ውስጥ የተወለደ የመቀሌ ልጅ ግን በፍጥነት እያደገ ያንን ዕድሜ እያለፈ ነው። ገንዘቡም ይጠብባል፦ የአሜሪካ ዕርዳታ በ2017 ዓ.ም. ሲቆም ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ የ5,000 ሠራተኞችን ውል ማቋረጡ ተዘግቧል፤ አሜሪካ ለጋቪ የምትሰጠውንም እንደምታቆም አስታውቃለች።

ካርዱ የጠፋበት ልጅ ምን ይደረግ የሚለው በየመጠለያው የሚነሳ ጥያቄ ነው። መልሱ ቀላል ነው፤ የጽሑፍ ማስረጃ ከሌለ እንዳልተከተበ ተቆጥሮ ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ የተደገመ መርፌም አይጎዳውም። ካርድ የለህም ተብሎ የሚመለስ ልጅ ሊኖር አይገባም። ለዚህ አዲስ ካርድ፣ አዲስ መዝገብና ስሙን የምትጽፍ አንዲት ደመወዝተኛ ሴት ያስፈልጋሉ፤ ብልቃጡንም ቀጠሮ ሳትጠብቅ እንድትከፍት የተፈቀደላት።