በጓሮ ስለሚበቅል እንግዳ አበባ

በየወረዳው የእርሻን ሥራ ለምትመሩ ሹማምንት፤ ባላገሩ አይቶት የማያውቀው አበባ በጓሮው ሲበቅልበት አስቀድሞ የሚጠይቀው እናንተን ስለ ሆነ፣ መልስ ከመስጠት በፊት ሊመረመር የሚገባውን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ዓባይን ተሻግሮ በሚገኘው በዘንዘልማ፣ በክረምት መውጫ አንዲት ባልቴት ከጎመን መደባቸው አጠገብ የበቀለ ተክል አሳዩኝ። አበባው ነጭና ጥቃቅን፣ ቅጠሉም እንደ አሪቲ የተሸነሸነ ነበር። «አሪቲ መስሎኝ ውሃ ሳጠጣው ከረምሁ፤ ነገር ግን ባሸው ባሸው የአሪቲ ሽታ የለውም» አሉኝ። ጎረቤታቸው ደግሞ የዱር ድንብላል ነው ብሏቸው ኖሯል። ሁለቱም የፈረዱት አንድ ምልክት ብቻ ይዘው ነው። በቅኔ ቤት ሰሙን ይዞ ወርቁን የሚስት ተማሪ እንዳለ፣ አበባንም በመልኩ ብቻ የሚለይ ሰው እንዲሁ ይስታል።

ተክልን ለመለየት ከሥሩ እስከ ጫፉ ማየት ያስፈልጋል። በዘንዘልማ ያየነው ተክል የታችኛው ቅጠሉ በመሬት ላይ ተነጥፎ ክብ ሠርቷል፤ ላይኛው ቅጠል ግን እያነሰ ይሄዳል፤ በግንዱም ላይ ተራ በተራ ይወጣል እንጂ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ትይዩ አይበቅልም። ግንዱ ጠጕራም ሆኖ ከላይ እስከ ታች የተሰመረ ነው። ሲሰበር ነጭ ወተት አይወጣውም። ቁመቱ ከአንድ ሜትር አልፏል፤ ጫፉ ላይ ብዙ ቅርንጫፍ አውጥቷል።

ስለ አበባው ጥቂት ሰፋ አድርጎ መናገር ይገባል። ኑግን የሚያውቅ የጎጃም ሰው ይህን ወገን ለመለየት አይቸገርም። አንዱን የኑግ አበባ በጥፍር ቢሰነጥቁት አንድ አበባ መስሎ የታየው በአንድ መቀመጫ ላይ የተሰበሰቡ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ማኅበር ሆኖ ይገኛል። አደይ አበባም፣ አሪቲም፣ ይህም የዘንዘልማው ተክል የዚሁ ወገን ናቸው። ድንብላል ግን ከዚህ ወገን አይደለም፤ አበባው እንደ ጃንጥላ ዘንግ ከአንድ ነጥብ ይዘረጋል፣ ሽታውም ይመሰክርበታል። የዘንዘልማው አበባ ስፋቱ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ በዙሪያውም አምስት ትንንሽ ነጭ ማዕዘኖች አሉት።

እንግዲህ ተክሉ ቅንጬ የሚባለው አረም ነው። በሳይንስ ስሙ ፓርቴኒየም ይባላል፤ የትውልድ አገሩም በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ያለው ምድር ነው። በ1948 ዓ.ም. ግድም በሕንድ አገር በፑና ታይቶ ብዙ ምድር ያዘ። በእኛም አገር በ1980 ዓ.ም. ግድም በድሬዳዋና በሐረርጌ መታየቱ ተነገረ፤ ከዚያም ወደ ወሎና ወደ ሌላው አገር ተሻገረ። በሐረርጌ ያለው ገበሬ ፈረምሲሳ ይለዋል፤ ርስትህን ፈርመህ ልቀቅ እንደ ማለት ነው ይባላል። ስሙ ቀልድ ይመስላል እንጂ ቀልድ የለበትም፤ አንዱ ተክል ብቻ 15,000 እና ከዚያም በላይ ፍሬ ሊያፈራ ይችላል። በበቀለ በአንድ ወር ከግማሽ ውስጥም ሊያብብ ይችላል። ፍሬው በመኪና ጎማ፣ በጭቃ፣ በጎርፍና ባልተበጠረ ዘር ይጓዛልና፣ በመንገድ ዳር ያለ ጓሮ አስቀድሞ ይነካል። ከብት ቢበላው ወተቱ ይመራል። የሰውንም ቆዳ ያሳክካል፤ አንዳንዱንም ትንፋሽ ያሳጥረዋል።

ነገር ግን ነጭ አበባ ሁሉ ቅንጬ አይደለም። በየጎመኑ መደብ የሚወጣ ሌላ ትንሽ አረም አለ፤ እርሱም በዙሪያው አምስት ነጭ ቅጠል አለው፤ መካከሉ ግን ቢጫ ነው። ቅጠሉም ሳይሸነሸን ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይበቅላል። ይህ ተራ የጓሮ አረም ስለ ሆነ ሕዝብ ሊደነግጥበት አይገባም። በአንጻሩ ማማር ዋስትና አይሆንም። በ2004 ዓ.ም. በጣና ላይ የታየው እምቦጭ፣ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ በብዙ አገር የተዛመተው ሐምራዊ አበባው ስላማረ ለጌጥ እየተባለ በሰው እጅ ነው።

የሚያጠራጥር ተክል ሲገኝ ከነሥሩ፣ ከነአበባውና ከተገኘም ከነፍሬው ነቅሎ በጋዜጣ ወረቀት መካከል ዘርግቶ ከባድ ነገር መጫን ነው። ወረቀቱ በየቀኑ ይለወጥ፤ አለዚያ ይሻግታል። የተገኘበት ስፍራና ቀን፣ ቁመቱና የአበባው ቀለም በእርሳስ ይጻፍ፤ ቀለም ሲደርቅ ይጠፋልና። ለጣና ዙሪያ ወረዳዎች በዘንዘልማ የሚገኘው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ኮሌጅ ቅርብ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ብሔራዊ የዕፀዋት ቤተ መዘክር አለ። ከ1972 እስከ 2001 ዓ.ም. በተደከመበት የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ ውስጥ 6,000 ያህል የዕፀዋት ዓይነቶች ተጽፈዋልና፣ ስም የማይገኝለት ተክል ጥቂት ነው።

በዘንዘልማው ጓሮ መሬቱ ከዝናብ በኋላ ርሶ ሳለ፣ እጃችንን በጓንት ሸፍነን ተክሉን ከነሥሩ ነቀልን። ፍሬ የያዘውን በጆንያ ቋጥረን አቃጠልን እንጂ በመንገድ ዳርም በፍግ ጉድጓድም አልጣልነውም። ፍሬው በአፈር ውስጥ ዓመታት ስለሚቆይ፣ ባልቴቲቱ በየዓመቱ ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ መደቡን እንዲመለከቱ አስታወቅናቸው። እርሳቸው ግን አሪቲዬ ቀረብኝ ብለው አዝነው ነበርና፣ ከዘመድ ቤት እውነተኛውን አሪቲ አስመጥተው በዚያው ስፍራ ተከሉ።