የሌሊት ሰማይ በታይም ላፕስ፦ ተረትና እውነታ

ታይም ላፕስ የሚባለው የቀረጻ ስልት፣ በዓይን ሲከታተሉት የቆመ የሚመስለውን ዝግ ያለ ለውጥ በእኩል የጊዜ ልዩነት በሚነሡ ፎቶግራፎች መዝግቦ፣ ፎቶግራፎቹን እንደ ፊልም በሰከንድ 24 ወይም 25 እያከታተለ የሚያሳይ ነው። ከዋክብት ከተራራ ጀርባ ሲወጡ፣ ፍኖተ ሐሊብም፣ ማለትም ፀሐይ ራሷ የምትገኝበት ጋላክሲ፣ እንደ ጢስ ዓምድ ሰማዩን አቋርጦ ሲዞር የሚታይባቸው አጫጭር ፊልሞች በዚሁ መንገድ የተሠሩ ሲሆኑ፣ ብዙ ተመልካች ግን ረጅም ቪዲዮ ተቀርጾ የተፋጠነ ይመስለዋል። ግምቱ በስሌት ሲፈተን አይጸናም። በሰከንድ 25 ምስል የሚቀርጽ የቪዲዮ ካሜራ ለእያንዳንዱ ምስል ሊሰጠው የሚችለው ጊዜ ቢበዛ የሰከንድ 1/25ኛ ሲሆን፣ ሻተሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ፣ ለ20 ሰከንድ ተከፍቶ የሚቆይ ፎቶ ካሜራ ከዚያ 500 እጥፍ የሚሆን ብርሃን ይሰበስባል፤ በመሆኑም ጨለማ ሆኖ የተቀረጸ ቪዲዮ የቱንም ያህል ቢፋጠን የሚያሳየው ያንኑ ጨለማ ነው። የሥራው አድካሚነትም ከዚሁ ይመነጫል፤ እያንዳንዱ ፎቶ 20 ሰከንድ፣ በየመካከሉም 2 ሰከንድ ዕረፍት ቢወስድ፣ ለ10 ሰከንድ ፊልም 250 ፎቶና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጊዜ ያስፈልጋል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰማዩ የሚዞረው 23 ዲግሪ ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው ሁለተኛው እምነት፣ በፊልሞቹ የሚታዩት ቀለሞች በኮምፒውተር የተቀቡ ናቸው የሚለው ነው። በጨለማ የሚያገለግሉት የዓይን ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት ደካማ ብርሃንን ቢያዩም ቀለምን መለየት ስለማይችሉ፣ ሰው ፍኖተ ሐሊብን ግራጫ አድርጎ ያየዋል፤ የካሜራው ሴንሰር ግን ሻተሩ ተከፍቶ በቆየ ቁጥር ብርሃን እያጠራቀመ፣ የሃይድሮጅን ደመናዎችን ቅላትና በ100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ኦክስጅን የሚያመነጨውን ስስ አረንጓዴ ፍካት ይመዘግባል። ይህ ማለት ግን ተጠራጣሪዎች ፈጽሞ ተሳስተዋል ማለት አይደለም፤ አቀናባሪዎች የተመዘገበውን ቀለም ከልክ በላይ ማድመቃቸው የተለመደ ነውና፣ ሐምራዊ ሆኖ የሚንቦገቦግ ሰማይ ሲታይ መጠርጠሩ ተገቢ ነው።

ጀማሪዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚማሩትና ከሁሉ በላይ የሚያምኑት ደግሞ «የ500 ሕግ» ተብሎ የሚጠራውን ቀመር ነው። ምድር በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ አንድ ዙር ስለምትዞር ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል የሚንቀሳቀስ ሲሆን፣ በአንድ ቦታ የቆመ ካሜራ ሻተሩን ለረጅም ጊዜ ከከፈተ ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ ጭረት ይሆናል። ሕጉ 500ን በሌንሱ የትኩረት ርዝመት፣ ማለትም የሌንሱን አጉልቶ የማሳየት አቅም በሚወስነው የሚሊ ሜትር ልኬት፣ በማካፈል ጭረት የማያመጣው ረጅሙ ጊዜ ይገኛል ይላል፤ ለ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ 21 ሰከንድ ገደማ መሆኑ ነው። ይሁንና ቀመሩ የፒክስሎችን፣ ማለትም ምስሉ የተሠራባቸውን ጥቃቅን ነጥቦች፣ መጠንም፣ ኮከቡ የሚገኝበትን የሰማይ ክፍልም ከቁጥር አያስገባም። 24 ሚሊዮን ፒክስል ያለው ሙሉ ፍሬም ካሜራ በዚሁ ሌንስ ለ20 ሰከንድ ቢከፈት፣ በሰማይ ወገብ፣ ማለትም ከምድር ወገብ ትይዩ በሆነው የሰማይ ክብ፣ አጠገብ ያለ ኮከብ 6 ፒክስል ያህል የሚረዝም ጭረት ሲተው፣ ከዚያ ክብ 60 ዲግሪ ርቆ ወደ ዋልታ የተጠጋው የሚተወው የዚያን ግማሽ ነው። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለምትገኝ የሰማይ ወገብ የሚያልፈው ከአናት 9 ዲግሪ ብቻ ርቆ ነው፤ ስለዚህ በኢትዮጵያ ሰማይ አናት ላይ ያሉት ከዋክብት ሕጉን ፈጥነው ከሚያፈርሱት ወገን ናቸው። ሆኖም ሕጉ ለታይም ላፕስ ጨርሶ ዋጋ የለውም ማለት አይቻልም፤ 6,000 ፒክስል ስፋት ያለው ፎቶ ወደ 1,920 ፒክስል ፊልም ሲጠብብ የ6 ፒክስሉ ጭረት ወደ 2 ስለሚወርድ፣ በግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ፎቶ የማያዋጣው ልክ ለፊልም ሊያዋጣ ይችላል።

ከዋክብት ከፍ ብሎ በቆመው የሰሜን ኮከብ ዙሪያ ሙሉ ክብ እየሠሩ ይዞራሉ የሚለው ምስልም ከሌላ አገር ሰማይ የመጣ ነው። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታ ከተመልካቹ የኬክሮስ ልክ ጋር እኩል ሊሆን ጥቂት ብቻ ስለሚቀረው፣ በለንደን 51 ዲግሪ ያህል ከፍ ሲል በአዲስ አበባ ግን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ ኮረብታ ወይም ሕንፃ ሊጋርደው በሚችል ዝቅታ ይገኛል፤ ክቦቹም በአብዛኛው ግማሻቸው ከአድማስ በታች ይቀራል። ካሜራውን ወደ ምሥራቅ ያዞረ ሰው የሚያገኘው ቀጥ ብለው ወደ ላይ የሚወጡ ከዋክብትን ነው። ለዚህ ማካካሻ የሚሆነው የፍኖተ ሐሊብ እምብርት ነው፤ በባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዘንድ ቀውስ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ አቅጣጫ የሚታየው ይህ ደማቅ ክፍል በለንደን ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ሲል፣ በአዲስ አበባ 52 ዲግሪ ይደርሳል። የሁለቱ ከተሞች ዕድል የተገለባበጠ ነው ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ «የፍኖተ ሐሊብ ወቅት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው» የሚለውን ምክር እንዳለ የተቀበለ ሰው በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች የሚቀርጸው የክረምት ደመና ነው። የሚሻለው በመጋቢትና በሚያዝያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ንጋት፣ ወይም ዝናቡ ካቆመ በኋላ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት መጀመሪያ ገና ሲመሽ ነው። ከፍታ ብቻውን ጥቁር ሰማይ ይሰጣል የሚለው ግምትም እንዲሁ ልክ አይደለም፤ 1 ሜትር ስፋት ባላቸው መስተዋቶች የሚሠሩ ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበት የእንጦጦ ምልከታ ጣቢያ በ3,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ቢገኝም፣ ከሥሩ የተዘረጋችው አዲስ አበባ ብርሃን ሰማዩን ያደበዝዝበታል። ጨረቃ ግን እንደሚባለው ሁልጊዜ ጠላት አይደለችም፤ ሙሉ ስትሆን ፍኖተ ሐሊብን ብታጠፋውም፣ ቀጭን ሳለች መልክአ ምድሩን ከሰማዩ ጋር ታስታርቀዋለች።

አይኤስኦ የተባለውን ቁጥር ከፍ ማድረግ ወደ ካሜራው የበለጠ ብርሃን ያስገባል የሚለው እምነት በአጭሩ ይታረማል፤ ቁጥሩ የተሰበሰበውን ምልክት ያጎላል እንጂ አዲስ ብርሃን አይጨምርም፣ ብርሃን የሚጨምሩት የሻተሩ ጊዜና የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ናቸው። ጤዛም የቀዝቃዛ አገር ችግር ብቻ አይደለም፤ የሌንሱ መስተዋት ሙቀቱን ወደ ጥርት ሰማይ እየለቀቀ ከአየሩ በላይ ስለሚቀዘቅዝ፣ በደጋ ሌሊት ሁለት ሰዓት ያልሞላው ቀረጻ በጭጋግ ሊያልቅ ይችላል፤ ሌንሱን በመጠኑ የሚያሞቅ ቀበቶ መፍትሔ ይሆናል።

በመጨረሻ የሚነሣው ስሕተት የስም ነው። በፊልሙ ሰማዩን ሰንጥቆ የሚያልፈውን ብርሃን ሁሉ ተመልካቹ አንዴ ጅራታም ኮከብ፣ አንዴ ተወርዋሪ ኮከብ ይለዋል። ጅራታም ኮከብ በፀሐይ ዙሪያ የሚጓዝ የበረዶና የአቧራ አካል ስለሆነ በአንድ ሌሊት ከከዋክብቱ ጋር አብሮ ይዞራል እንጂ አይወረወርም፤ ተወርዋሪ ኮከብ ደግሞ ከከባቢ አየር ጋር ተፋትጎ የሚነድ ጥቃቅን ቁስ ሲሆን፣ ዕድሜው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ስለማይበልጥ ከ250ዎቹ ፎቶዎች በአንዱ ላይ ብቻ ይገኛል። ጭረቱ በተከታታይ ፎቶዎች ላይ እየቀጠለ ከተገኘ ሳተላይት ወይም አውሮፕላን ነው፤ ስታርሊንክ የተባለው የሳተላይት ኢንተርኔት አገልግሎት ሳተላይቶቹን በብዛት ማምጠቅ ከጀመረበት ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህም እንዲህ ያለው ጭረት በርክቷል። እውነተኛውን ተወርዋሪ ለሚፈልግ፣ ነሐሴ 6 እና 7 አካባቢ የሚደርሰው ፐርሲድስ የተባለው የተወርዋሪ ከዋክብት ዝናብ በደመና ሲሸፈን፣ ታኅሣሥ 4 እና 5 አካባቢ የሚደርሰው የጄሚኒድስ ዝናብ ግን በበጋው ጥርት ሰማይ ላይ ይወርዳል።