የማያልቀው ኤሌክትሮድ

በጋራዥ ቋንቋ «ኤሌክትሮድ» ማለት የሚያልቅ ነገር ነው። በፒንሳ ተነክሶ ብረት ላይ ይጫራል፣ እየቀለጠ ስፌቱን ይሞላል፣ ጉቶው ሲቀር ይጣላል። የግቢው በርም፣ የመስኮቱ ፍርግርግም፣ የጋሪው አካልም በእሱ ተበይዷልና ውለታው ብዙ ነው። ስሙ ግን አንዲት የምወዳትን ዕቃ በድሎብኛል። በአርጎን ብየዳ ቶርች ውስጥ የምትቀመጠው ቀጭን ዘንግም ኤሌክትሮድ ትባላለች። በዚህ የተነሳ ስንቱ በያጅ ስታጥርበት «ኤሌክትሮድ አይደል፣ ማለቁ የት ይቀራል» እያለ ሌላ ይገዛል።

ማለቅስ የለባትም። ተንግስተን ናት፤ የምትቀልጠው በ3,422 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፣ ከብረታ ብረት ሁሉ በዚህ የሚበልጣት የለም። የድሮው አምፖል ክር እሷው ነበረች። ሥራዋ እሳቱን ተሸክማ መቆም ብቻ ነው፤ ስፌቱን የሚሞላው በያጁ በሌላ እጁ የሚያቀርበው የአሉሚኒየም ሽቦ ነው። ስለዚህ ካጠረች የበላት ነገር አለ። መጠየቅ ያለበት «ሌላ የት ይገኛል?» ሳይሆን «ማን በላት?» ነው።

የአርጎን ብየዳ፣ ወይም ቲግ፣ በአሜሪካ አውሮፕላን ፋብሪካ የተወለደ ሙያ ነው። የኖርዝሮፑ ራስል ሜሬዲት እ.ኤ.አ. በ1941 ማግኒዥየም ለመበየድ የሠራው ዘዴ ነው፤ ያኔ ጋዙ ሂሊየም ነበር። እኛ ዘንድ የሚያስፈልገው ለአውሮፕላን አይደለም። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በበጋ ሽንኩርትና በርበሬ የሚያጠጣ ገበሬ ሁሉ የሞተር ፓምፕ ያውቃል፤ የብዙዎቹ ፓምፖች ቀፎ አሉሚኒየም ነው። የባጃጁ ካምቢዮ ሽፋንም እንዲሁ። ሲሰነጠቅ በተራ ኤሌክትሮድ አይያዝም።

አንድ ኅዳር ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከአንድ ወጣት በያጅ ቤት ተቀምጬ ሳለ አንድ አዛውንት ገበሬ ቀፎው የተሰነጠቀ ፓምፕ በጆንያ ጠቅልለው አመጡ። «ልጄ፣ ውሃው ተራዬ ነገ ነው» አሉት። ልጁ በግንባሩ ላይ «ቲግ» ተብሎ የተጻፈበት ትንሽ አዲስ ማሽን ነበረው። አርጎኑን ከፈተ፣ ጫረ። አሉሚኒየሙ ሲሞቅ ሲሞቅ ቆይቶ እንደ ወተት ስልባቦት ያለ ቆዳ ለበሰ፤ ከሥሩ ቀልጧል፣ ከላይ ግን አልከፈት አለ። የአሉሚኒየም ጠባዩ ይኸው ነው። ራሱ በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ከአየር የሚለብሰው ኦክሳይድ ግን 2,000 ዲግሪ አልፎም አይነካም።

ልጁ ብልህ ነው፤ ኬብሎቹን አገላበጣቸው። ቶርቹ ከፖዘቲቩ ጋር ሲሆን ስልባቦቱ በአንዴ ጠራ፣ አሉሚኒየሙ እንደ መስታወት አበራ። ደስታው ግን ትንፋሽ አልቆየም። የተንግስተኗ ጫፍ አበጠ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያም ጠብ ብሎ ከፓምፑ ቀፎ ውስጥ ገባ። «ጋሼ፣ አዩት? ዕቃው ፎርጅድ ነው!» አለኝ።

ፎርጅድ አልነበረም። ክርክራችን እስኪመሽ ዘለቀ፤ እዚህም ላሳጥረው አልፈልግም፣ ምክንያቱም ከአሥር ተንግስተን ስምንቷ የምትሞተው በዚህ መንገድ ይመስለኛል። ቶርቹ ኔጋቲቭ ሲሆን ኤሌክትሮኖች ከተንግስተኗ ወጥተው ወደ አሉሚኒየሙ ይሮጣሉ፤ አብዛኛው ሙቀት እዚያው ያርፋል፣ እሷ ቀዝቀዝ ብላ ትኖራለች። ፖዘቲቭ ሲሆን ሩጫው ይገለበጣል። የአርጎን አየኖች ስልባቦቱን እየደበደቡ ያጠሩታል፣ ነገር ግን ከሙቀቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በተንግስተኗ ላይ ይወርዳል። 2.4 ሚሊሜትር ውፍረት ያላት ዘንግ በኔጋቲቭ 200 አምፔር ያለ ችግር ትሸከማለች፤ በፖዘቲቭ ግን አቅሟ ቢበዛ 30 አምፔር ገደማ ነው። ልጁ የጫናት 100 ነበር።

መፍትሔው ሁለቱን ማፈራረቅ ነው፤ ኤሲ የሚባለው። የልጁ ማሽን ግን ዲሲ ብቻ፣ ማለትም ወገኑን የማያፈራርቅ፣ ነበር። በመደበኛው 50 ኸርዝ ወገኑ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይለዋወጣል፤ አንዱ ተራ ያሞቃል፣ ሌላው ያጠራል። ዘመናዊው ኢንቨርተር «ባላንስ» የሚል ቁልፍ አለው፤ ለማሞቂያው ከመቶ 70 ያህል፣ ለማጥሪያው 30 መስጠት ጥሩ መነሻ ነው። በአሮጌ የትራንስፎርመር ማሽን በአረንጓዴዋ፣ ማለትም በንጹሕ ተንግስተን፣ ስትሠሩ ጫፏ እንደ ምስር ፍሬ ቢከብ አትደንግጡ፣ ወጉ ነው። ከዘንጉ ውፍረት አንድ ተኩል እጥፍ ካለፈ ግን ወይ አምፔሩ በዝቷል ወይ ማጥሪያው ተለጥጧል።

ሌላው በላተኛ ስስት ነው። አርጎን በሩቅ መንገድ ተጭኖ ስለሚመጣ በያጁ ስፌቱን እንደጨረሰ ሲሊንደሩን ለመዝጋት ይጣደፋል። አምፖል ሲሰነጠቅ ክሩ ነጭ ጭስ ተፍቶ እንደሚሞት ያየ ሰው ይህን ማድረግ አልነበረበትም። የጋለች ተንግስተን አየር ካገኘች ትቃጠላለች። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ጋዙ ለየ10 አምፔሩ 1 ሴኮንድ ያህል መፍሰስ አለበት፤ በ120 አምፔር ከሠራችሁ 12 ሴኮንድ ቶርቹን ከቦታው አታንሱ። እንደ ብር እያበራች ከቀዘቀዘች ደህና ናት። ሰማያዊ ወይም ጥቁር ከሆነች ወይ ቸኩላችኋል፣ ወይ ቱቦው ያስተነፍሳል፣ ወይ በሩ ተከፍቶ ነፋስ ይገባል። ለሌላ ብየዳ የመጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ጋዝ ካገናኛችሁባትማ ከነጭራሹ እርሟን አውጡ።

ጫፏ የቀለጠውን ወይም ሽቦውን ከነካ አሉሚኒየም ይለጠፍባታል፣ እሳቱም መስመሩን ስቶ ይቅበዘበዛል። ያን ጊዜ መግፋት ከንቱ ነው፤ የተበከለውን ሰብሮ እንደገና መሳል ነው። አሳሳሉ በርዝመቷ አቅጣጫ ይሁን፣ እርሳስ እንደሚቀረጽ ዙሪያዋን አይሁን። ድንጋዩም ለእሷ ብቻ ይቀመጥ፤ የበር ብረት ሲፋቅበት የዋለ ድንጋይ ቆሻሻውን ወደ እሷ ያሻግራል። ቀይ ጫፍ ያላት ቶሪየም አለባት፤ ቶሪየም መጠነኛ ጨረር ያመነጫልና ብናኙን አትተንፍሱ። አፍና አፍንጫውን ሳይሸፍን ቀይዋን የሚስል በያጅ ባየሁ ቁጥር እቆጣለሁ። ወርቃማዋ ወይም ሰማያዊዋ፣ ላንታነም ያለባት፣ ለኢንቨርተር ኤሲ ከቀይዋ የተሻለች ናት።

አዛውንቱ ፓምፑን በማግስቱ ኤሲ ማሽን ወዳለበት ይዘው ሄዱ፤ የውሃ ተራቸው ግን አለፈ። እኔ ከሦስት ዓመት በፊት የገዛኋት አንዲት ባለ 15 ሳንቲሜትር ዘንግ ዛሬም 9 ሳንቲሜትር ቀርታኛለች። የጠፋው ሁሉ በእኔ እጅ መንካት ነው።

«ቲግ» የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ማሽን ልትገዙ ከሆነ፣ ገንዘቡን ከመቁጠራችሁ በፊት ሻጩን «ኤሲ አለው ወይ?» በሉት። ዲሲ ብቻ ከሆነ ለብረትና ለማይዝግ ብረት ይሆናል፤ ለፓምፑ አይሆንም።