የእንጉዳይ ውሃ

አንድ ኪሎ ትኩስ እንጉዳይ የገዛ ሰው 900 ግራም ያህል ውሃ ተሸክሞ ነው ቤቱ የሚገባው። ቶሎ የሚበላሸውም ለዚሁ ነው፤ በፌስታል ተቋጥሮ ሁለት ሦስት ቀን ካደረ ይጠቁራል፣ ይሟልጫል። ማድረቅ የቆየ መላ ነው። እኔን የሚቆጨኝ ግን ማድረቅ ሲባል ውሃውን ማስወጣት ብቻ መስሎ መታየቱ ነው። እንጉዳዩ ነገ ድስት ሲገባ ለስልሶ ይነሣ ወይስ እንደ ቆዳ ይታኘክ የሚወሰነው ውሃው በወጣበት መንገድ ነው።

ውሃው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ትኩስ እንጉዳይ በጣትዎ ቢሰነጥቁ ውስጡ እንደ ክር እየተተለተለ ይለያያል። በክሮቹ መካከልና በህዋሶቹ ውስጥ ያለው አብዛኛው ውሃ ብዙም አልተያዘም፤ ሙቀት ሲያገኘው ቀድሞ ይሄዳል። ጥቂቱ ግን ከፕሮቲኑና ከቺቲኑ ጋር ተጣብቋል፤ ቺቲን የአንበጣን ቅርፊት የሚያጠነክረው ያው ንጥረ ነገር ነው። በመጨረሻዎቹ ሰዓታት ማድረቂያውን የሚያደክመው ይህ ግትር ውሃ ነው።

ቅድመ ዝግጅት ለውሃው በር ይከፍትለታል። የተቆራረጠውን እንጉዳይ ለሁለት ሦስት ደቂቃ በፈላ ውሃ ወይም በእንፋሎት ነካ አድርጎ ማውጣት ውሃውን ያቀፈውን የህዋስ ሽፋን ያፈርሳል፤ የሚያጠቁሩትንም ኢንዛይሞች ያከሽፋል። ኪሳራ አለው፤ ከጣዕሙና ከቫይታሚኑ ከፊሉ በፈላው ውሃ ውስጥ ይቀራል። በእንፋሎት ሲሆን ጉዳቱ ስለሚቀንስ እኔ ለእንፋሎት አደላለሁ። ጨውም ይሠራል። ለቋንጣ የተዘለዘለ ሥጋ ጨው ሲነካው ውሃ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ እንጉዳይም በጨው ውሃ ሲዘፈዘፍ እሳት ሳያይ ውሃውን ይለቃል። ቤት ባለ ፍሪዘር ውስጥ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የበረዶው ቅንጣት እየተለቀ ህዋሱን ይበሳዋል።

ከዚያ ማድረቁ ይመጣል። ፀሐይ ወጪ የላትም፤ በእንጉዳይ ውስጥ ያለውን ኤርጎስቴሮል ወደ ቫይታሚን ዲ ትለውጣለች፤ ግን ደመናና አቧራ አይታዘዙላትም። በሞቃት አየር ሲደርቅ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበቃል። ቸኩሎ ሙቀቱን ያበረታ ሰው ላዩን ቅርፊት ያስይዘዋል፤ ውስጡ የቀረው ውሃ መውጫ ያጣል፣ ደርቋል የተባለው እንጉዳይ ማሰሮ ውስጥ ይሻግታል። ከሁሉም የሚያስደንቀኝ በረዶ አድርጎ ማድረቅ ነው። አየሩ በተመጠጠበት ክፍል በረዶው ሳይቀልጥ በቀጥታ ተን ይሆናል። ህዋሱ ስላልተጨማደደ እንጉዳዩ መልኩን ሳይለቅ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ ይቀራል፤ ውሃ ሲነካው በደቂቃዎች ይጠጣል። መሣሪያው ውድ፣ እንጉዳዩም ተሰባሪ መሆኑ ነው ጣጣው።

አንድ ነገር ግን የትኛውም ዘዴ አያደርግም፤ መርዛማ የጅብ ጥላ ቢደርቅም ቢቀቀልም ገዳይ መርዙ አይለቀውም።

መድረቁን ለማወቅ አንዱን ቁራጭ አጥፈው ይሞክሩት፤ ከተለመጠ ገና ነው፣ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል። ሚዛን ካለዎት ኪሎው ወደ 110 ግራም ይወርዳል። ከቀዘቀዘ በኋላ እርጥበት በማያስገባ ዕቃ ይክደኑት። ለወጥ ሲፈልጉት ይዘፍዝፉት፤ የተዘፈዘፈበትን ቡናማ ውሃ ግን አይድፉት፤ በነጠላ ጨርቅ አጥልለው ቁሌቱ ላይ ይጨምሩት።